የአንቺ ሰዓት

ሚያዝያ 22፣ ረቡዕ

መብራት የለም። ውኃ አለ። ባለፈው ሳምንት ተቃራኒው ነበር።

ባለቤቴ ከበቡሽ ከአዋላጅነት ጡረታ ከወጣች ሁለት ወር ሆናት። ዛሬ መጽሐፎቼን በቁመታቸው ደረደረቻቸው። "አሁን ያምራል" አለች። ሠላሳ አምስት ዓመት አማርኛ ሳስተምር የሰበሰብኩት መደርደሪያ ሰልፍ የወጣ የአንደኛ ደረጃ ክፍል መሰለ፤ አጭሩ ከፊት። አዲስ ጡረተኛን ሦስት ወር መታገሥ ተገቢ ነው። እኔ ስወጣ እሷ አራት ታግሣኛለች።

ከሰዓት በኋላ ነጭ ሽንኩርት እየላጠች...

"ፒያኖ መማር እፈልጋለሁ።"

"እሺ።"

ሰው እንዲህ ሲባል ምን ይላል? ዝናብ ሊመጣ ነው የተባልኩ ያህል ነው የመለስኩት። ቀና ብዬ ሳያት ቢላዋውን አስቀምጣለች። ቀልድ አይደለም ማለት ነው።

ከዚያ ነገረችኝ። በሠላሳ ሦስት ዓመት ትዳር አንድም ቀን ያላነሳችውን። ነርስነት በተማረችበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ፒያኖ ነበር። እሱን መወልወል የእሷ ተራ ሆነ። ሦስት ዓመት ሙሉ! ኃላፊዋ "ክዳኑን ብቻ፤ ውስጡን እንዳትነኪ" ብላታለች። አልነካችም። ከበቡሽ የታዘዘችውን ትፈጽማለች። ቂሙን ግን ትይዛለች።

ስድሳ ዓመቷ ነው። ስለዚህች ሴት የማላውቀው የለም እያልኩ እኖር ነበር።

ግንቦት 1፣ ዓርብ

ሶስና ልጃችን ከሐዋሳ ሣጥን ላከች። በስልክ "እማዬ ለራሷ አንድ ነገር ፈለገች!" ብላ ስታለቅስ ነበር፤ በሳምንቱ ሣጥኑ ደረሰ። የሚኒባሱ ሹፌር ከጣሪያ ላይ አውርዶ "ቲቸር፣ በር ነው መስኮት?" አለኝ። ኪቦርድ ነው። ስድሳ አንድ ቁልፍ አለው። ነጩንም ጥቁሩንም ቆጠርኩ፤ ሥራ የለኝም።

ከበቡሽ ከመንካቷ በፊት እጇን ታጠበች። እስከ ክርኗ። ማዋለጃ ክፍል እንደምትገባ። ከዚያ አንዱን ነጭ በአንድ ጣት ተጫነች።

"ድምፅ አለው" አለች፤ ሕፃን እንደተቀበለች ሁሉ።

ግንቦት 3፣ እሁድ

መሣሪያው አለ፣ ተማሪዋ አለች። የቀረው አስተማሪ ነው። ሆሳዕና ውስጥ ፒያኖ ብትል ሰው "የቱ ሆቴል?" ይልሃል። ሁሉም የሚያውቀው ኪቦርድ ነው። ስለዚህ ማስታወቂያ ጻፍኩ፦

"የኪቦርድ አስተማሪ እንፈልጋለን። ተማሪዋ ጀማሪ ናት። ቤት ድረስ የሚመጣ ይመረጣል።"

አንዱን ፎቶ ኮፒ ቤቱ በር ላይ ለጠፍኩ፤ አንዱን የፎቶ ኮፒው ልጅ የከተማው ቴሌግራም ላይ አወጣልኝ። ሦስት ዓረፍተ ነገር። አንድም ትርፍ ቃል የለውም። ተማሪዎቼን ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርኩት ይህንን ነው።

ግንቦት 6፣ ረቡዕ

ትርፍ ቃል የለውም ያልኩት ልክ ነው። የጎደለ ግን ነበረው።

ጠዋት አንድ ከረባት ያሰረ ወጣት መጣ። ፈትሁዲን ይባላል። ስለ ማስታወቂያው ነው አለ። ደስ አለኝ፤ ከረባት ያሰረ ሙዚቀኛ አይቼ አላውቅም።

"ቲቸር፣ በአማርኛ ነው በእንግሊዝኛ?"

"በአማርኛ ቢጀመር ይሻላል።" ዜማው መስሎኝ።

"በሁለት ጣት ነው በአሥሩም?"

"በአሥሩም እንጂ!" ከበቡሽ ናት፣ ከጓዳ።

"እንግዲያው ችግር የለም። በሁለት ወር ሳያዩ በደቂቃ አርባ ቃል አደርሳቸዋለሁ።"

ቃል? ሳሎን አስገባሁት። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሲያይ ቆመ። ጎንበስ ብሎ ከኋላው ተመለከተ። ስክሪኑን ፍለጋ ነው መሰለኝ።

"ቲቸር... ፊደሉ የታል?"

ፈትሁዲን የኮምፒውተር ጽሕፈት ማሠልጠኛ ነው ያለው። ከበቡሽ ወንበር ይዛ ሳቀች። እንባዋን ጠርጋ የማን ልጅ እንደሆነ ጠየቀችው፤ የእናቱን ስም ነገራት።

"በእግርህ የተወለድከው! እናትህን ሌሊቱን ሙሉ ያስጨነቅካት!"

ልጁ እግሩን አየ። ይቅርታ የሚጠይቅ መሰለ። ሻይ ጠጥቶ ሲሄድ ግን ባዶ እጃችንን አልተወንም፤ ቸርች ውስጥ የሚጫወት ሆሴዕ የሚባል ጓደኛ አለው።

ግንቦት 12፣ ማክሰኞ

ሆሴዕ መጣ። ከበቡሽን በር ላይ ሲያይ ወገቡ ታጠፈ።

"ሲስተር! ተማሪዋ እርስዎ ነዎት እንዴ?"

እሱም፣ ሦስት ወንድሞቹም በሷ እጅ ነው የተወለዱት። ሲጫወት... እውነት ለመናገር እጁ ወርቅ ነው። ግን ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ ነው የሚጀምረው። ዜማውን ከፍ ማድረግ ሲፈልግ አንዲት ቁልፍ ይነካል፣ ማሽኑ ራሱ ከፍ ያደርግለታል።

"በእጅህ ለምን አትወጣም?" አለችው።

"ቁልፉ እያለ፣ ሲስተር?"

ስለ አገራችን ብዙ ነገር ያብራራ መልስ ነው።

ግንቦት 25፣ ሰኞ

የሆሴዕ ትምህርት ዛሬ አበቃ።

አራት ጊዜ መጥቷል። ከጋዜጣዬ ጀርባ ሆኜ እቆጥራለሁ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ በአማካይ ሃያ "ጎበዝ ሲስተር"። ዛሬ ከበቡሽ አንዱን መስመር ጀመረችና መሐል ላይ ክርኗን አስተኛችበት። ቤቱ ጮኸ። ውሻችን ሸሽቶ ወጣ።

"በጣም ጥሩ ነው ሲስተር፣ እየመጣ ነው።"

"ሆሴዕ ልጄ፣ በክርኔ ነው የመታሁት።"

"አይቻለሁ ሲስተር።"

"ታዲያ?"

"እንዴት ብዬ ነው እርስዎን ተሳሳቱ የምለው? እናቴ ብትሰማስ?"

መርቃ ሸኘችው።

"ሠላሳ ስድስት ዓመት ምጥ የያዛትን ሴት 'ጎበዝ፣ ጎበዝ' ስል ነው የኖርኩት። እውነተኛው የቱ እንደሆነ፣ የማባበያው የቱ እንደሆነ እኔ ነኝ የማውቀው" አለችኝ። "አሁን ደግሞ እኔኑ ይሸነግሉኝ ጀመር። አንተስ? እንዴት ነው የምጫወተው?"

"ጥሩ ነው።"

"ተወው በቃ" ብላ ወደ ጓሮ ወጣች።

ተወው ማለቷ ምን ማለት ነው? ዞር ብላ እንኳን አልተቆጣችም። ባትቆጣም የተቆጣች ያህል ነው።

ግንቦት 30፣ ቅዳሜ

ሱራፌል የሚባል የሠርግ ተጫዋች ሞከርን። አንዲት ቁልፍ ሲነካ ከበሮ፣ ማሲንቆ፣ ክራር አንድ ላይ ተነሡ። እሱ እጁን አጣጥፎ ቆመ። ከበቡሽ "እኔ የቱ ጋ ነው የምገባው?" አለችው። "እርስዎ ፈገግ ይላሉ፣ ሲስተር።"

ሻይም ሳይጠጣ ተሸኘ።

ሰኔ 4፣ ረቡዕ

አቶ ኃይለሚካኤል መንገድ ላይ አስቆሙኝ። ጎረቤታችን ናቸው፤ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ፣ አሁን የዕድራችን ሊቀመንበር። ከተማው ውስጥ ያልጻፉት ፍርድ ቢኖር እስካሁን ይቆጫቸዋል።

"ቲቸር፣ ቤትዎ የጴንጤ ዘማሪ ይመላለሳል ይባላል። ወይዘሮ ከበቡሽ ሃይማኖት ሊለውጡ ነው?"

"አንድ ሙስሊምም መጥቶ ነበር" አልኳቸው።

ይህን መዝገብ ውስጥ የት እንደሚያስገቡት ጠፋቸው።

ለከበቡሽ ነገርኳት። አልሳቀችም። "ጾሜን ይዣለሁ፣ ኪዳን አደርሳለሁ። ጣቴን የከለከለኝ ግን የለም" አለች። ከዚያም ችግሩን እንደ ሐኪም ዘርዝራ ነገረችኝ። በዚህ ከተማ ከሠላሳ ስድስት ዓመት በታች የሆነ ሰው ሁሉ ወይ በእጇ ተወልዷል፣ ወይ ወንድሙ ተወልዷል፣ ወይ ልጁ። ከዚያ በላይ ያለው ደግሞ ሚስቱ ወልዳለች። "ተሳሳትሽ" ሊላት የሚችል ሰው ሆሳዕና ውስጥ የለም። ስለዚህ ሌላ ቦታ የተወለደ መፈለግ አለበት።

ምክንያቷን ለማፍረስ ሞከርኩ። አልፈረሰም።

ሰኔ 14፣ ቅዳሜ

ሊዲያ የምትባል ልጅ መጣች። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ከመምህራን ኮሌጅ በሙዚቃ ተመርቃ እዚሁ አንደኛ ደረጃ ታስተምራለች፤ ዘጠኝ ሕፃናትንም በትርፍ ሰዓቷ ፒያኖ ታለማምዳለች። ዲፕሎማዋን ከፕላስቲክ አወጣች። ከበቡሽ አላየችውም።

"የት ተወለድሽ?"

"አንጋጫ።"

"ማን አዋለደሽ?"

ልጅቷ ወደ እኔ አየች። ከእኔ ምንም እርዳታ አላገኘችም።

"አክስቴ። ቤት ውስጥ።"

"እዚህ የተወለደ እህት፣ ወንድም?"

"የለኝም ሲስተር።"

"ልጅ?"

"ኧረ አላገባሁም!"

ከበቡሽ ወደ እኔ ዞረች። "ንጹሕ ናት" አለች።

ከዚያ ተቀምጣ የምታውቃትን አንዲት ዜማ ተጫወተች። ሊዲያ አንገቷን አዘንብላ አዳመጠች። ስታበቃ ቀስ ብላ፣ እያፈረች፦

"ሲስተር... ልክ አይደለም። ሁለቱ እጆችዎ አይተዋወቁም።"

ከበቡሽ እንዲህ ደስ ሲላት ያየኋት ሶስና የተመረቀች ቀን ነው።

ሰኔ 28፣ ቅዳሜ

ሊዲያ እውነት ትናገራለች። ቶሎ ግን አትናገርም።

"ሲስተር፣ እባክዎን አራተኛ ጣትዎን ትንሽ ከፍ ቢያደርጉልኝ..." ይህ ዓረፍተ ነገር ሲያልቅ ዜማው ሁለት መስመር አልፎ ሄዷል። ከበቡሽ የምታነሳው የትኛውን አራተኛ ጣት፣ ለየትኛው ድምፅ ነው? ሁለቱም ይቆማሉ። ይቅርታ ይጠያየቃሉ። እንደገና ይጀምራሉ። እንደገና "እባክዎን"...

በመጨረሻ ከበቡሽ ጠራችኝ። "ብሩ! አንተ የሰዋስው ሰው ነህ። ይሄን በአንቺ ብትለው ስንት ቃል ይሆናል?"

"አንድ። አንሺ።"

"ሰማሽ? አንድ ቃል ነው። አንቺ በይኝ።"

ሊዲያ ከወንበሯ ተነሣች። "በፍጹም! እናቴ ብትሰማ አንጋጫ አታስገባኝም።"

"አንጋጫ ማን ይነግራታል?"

"ሲስተር፣ አንጋጫ የማይሰማው ነገር የለም።"

ዕድሜዬን ሙሉ አንቱታን አስተምሬያለሁ። "እርስዎ" ያላሉ ተማሪዎችን ውጤት ቀንሻለሁ። በስተርጅና አንቱታን ለማገድ ወረቀት አረቀቅኩ፦

"ዘወትር ቅዳሜ ከአሥር ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተማሪዋ 'አንቺ' ትባላለች። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሞላ አንቱታዋ ሳይጎድል ይመለስላታል።"

ሁለቱ ፈረሙ። እኔ ምስክር ሆንኩ። ከበቡሽ ስም አወጣችለት፦ የአንቺ ሰዓት።

መጀመሪያ ሊዲያ ዓይኗን ጨፍና ነው ያለችው። "አን... ሺ።"

"አልሰማሁም!"

"አንሺ!"

ጣቷን አነሣች። ድምፁ ልክ ወጣ። ሁለቱም ደንግጠው ተያዩ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያቺው ልጅ፦ "ሲስተር ደከመዎት፣ ውኃ ላምጣልዎ?"

ሐምሌ 12፣ ቅዳሜ

ሊዲያ ለከበቡሽ ብላ አንድ ዜማ ጻፈች። ሁለት ገጽ ነው። ስም የለውም፤ "ልምምድ 14" ይላል። ሁለተኛው ገጽ ላይ ግራ እጅ ብቻውን ይወርዳል፤ ቀኙ ይጠብቀዋል። ከበቡሽ እዚያ ጋ ስትደርስ ትንፋሿን ትይዛለች።

የምጽፈው ማንም ስለማያየው ነው፦ በኩራት ልፈነዳ ነው። በጓሮ በኩል ሆኜ ጎመን የምኮተኩት መስዬ እሰማለሁ። ሦስት ጊዜ ጎመን ነቅያለሁ።

ነሐሴ 17 የሊዲያ ተማሪዎች ወላጆች ፊት ይጫወታሉ። አዳራሽ ተገኝቷል። ዘጠኝ ሕፃናት፣ ትልቁ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። አሥረኛዋ ከበቡሽ ናት።

"አያፍሩም፣ ሲስተር?" አለቻት ሊዲያ፤ አሥራ አንድ ሰዓት አልፎ ነበር።

"የማፍረው ሳልችል ከተጨበጨበልኝ ነው።"

ሐምሌ 19፣ ቅዳሜ

መስኮቱን መዝጋት ነበረብኝ።

አሥር ከአርባ ገደማ። ልምምዱ ተጋግሏል። ሊዲያ አሁን ዓይኗን አትጨፍንም፦ "አትቸኩዪ! ስንት ጊዜ ልንገርሽ? ግራሽን! እንደገና!" ከበቡሽም "እሺ፣ እሺ" እያለች ትደግማለች። ሁለቱም ደስ ብሏቸዋል።

አቶ ኃይለሚካኤል ጃንጥላ ይዘው በመንገዱ ያልፉ ኖሯል። በሩን ሳያንኳኩ ገቡ።

"አንቺ ልጅ! እናትሽ የምትሆንን ሴት 'ስንት ጊዜ ልንገርሽ'? ይህንን ከተማ ማን እንዳዋለደ ታውቂያለሽ?"

"ጋሽ ኃይሌ፣ ገና ሃያ ደቂቃ ይቀራል" አለች ከበቡሽ።

አልገባቸውም። እንዴትስ ይገባቸዋል? ወረቀቱን አመጣሁላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት።

"ማኅተም የለውም" አሉ።

ሊዲያ ደብተሯን ሰበሰበች። ማንንም ሳታይ ወጣች። ዝናብ ነበር። ጃንጥላዋን ረስታዋለች።

ሐምሌ 26፣ ቅዳሜ

አልመጣችም። ስልኳ ዝግ ነው።

ወሬው ከእሷ ቀድሞ መሐል ከተማ፣ አራዳ ደርሷል፦ "ሲስተርን የምታመናጭቅ የአንጋጫ ልጅ"። ፎቶ ኮፒ ቤት ሰማሁት። ፀጉር ቤት ሰማሁት። የሁለት ሕፃናት ወላጆች ልጆቻቸውን አስቀርተዋል አሉ። እኔ የሰዋስው ሰው... ከተማውን በሙሉ ስለ ተውላጠ ስም እንዴት ላስረዳ?

ከበቡሽ ከአሥር እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ኪቦርዱ ፊት ተቀመጠች። አልነካችውም። አሥራ አንድ ሲሆን ተነሣች።

"ባጃጅ ጥራ።"

ቦቢቾ ሰፈር ወረድን። ሊዲያ የተከራየችው ክፍል አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር። ወንበሩን ለከበቡሽ ሰጠች፤ እኔ በር ላይ ቆምኩ።

"ሲስተር፣ ባለጌ ነው የሚሉኝ። የማስተምርበት ትምህርት ቤት ሳይቀር ጠርተው ጠየቁኝ። ከዚህ በኋላ ማን ልጁን ይሰጠኛል?"

"ጥፋቱ የእኔ ነው። ቤት ዘግተን ስላደረግነው ሐሜት ሆነ" አለች ከበቡሽ። "አዳራሹ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ ባለበት አድርጊው። ከተሳሳትኩ ተሳሳትሽ በይኝ። በአንቺ።"

"አልችልም።"

"እኔም ግራ እጄን አልችልም ነበር።"

ልጅቷ አለቀሰች። ከበቡሽ አላባበለቻትም። ጠበቀቻት። ምጥ ላይ ያለችን ሴት እንዲህ ነው መሰለኝ የምትጠብቀው... ሥራዋን አይቻት አላውቅም ነበር። ዛሬ አየሁ።

"እንሞክራለን" አለች ሊዲያ በመጨረሻ። "ግን ከተሳሳቱ ብቻ ነው።"

"እሳሳታለሁ፣ አታስቢ።"

ነሐሴ 18፣ እሁድ

ትናንት መጻፍ አልቻልኩም።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ግማሹ ልጁን ሊያይ፣ ግማሹ ጠብ ሊያይ። ያስቀሩትም ሁለቱ ወላጆች መጥተዋል፤ ልጆቻቸውን ይዘው፣ ከኋላ ወንበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ሊዲያ ጥግ ላይ ደብተሯን ደረቷ ላይ ይዛ ቆማለች፤ ወላጅ ሁሉ ከራስ እስከ እግሯ ይለካታል።

ሕፃናቱ ተጫወቱ። ትንሿ እግሯ ስለማይደርስ ሣጥን አስቀመጡላት። ለሁሉም ተጨበጨበ።

ከዚያ ከበቡሽ። የሥራ ጫማዋን አድርጋለች፣ ነጩን። "ሰው ሲያየኝ የማልፈራው በሱ ነው" ብላ። ገና ስትወጣ አዳራሹ ብድግ አለ። አንድ ድምፅ ሳትነካ አጨበጨቡላት። እስኪያበቁ ቆማ ጠበቀች። ተቀመጠች።

የመጀመሪያው ገጽ ሄደ። ሁለተኛው ገጽ... ግራው ሊወርድ ሲል ጣቷ ሳተ። ሌላ ነካች። እሱም ሳተ። ቆመች።

አዳራሹ ፈነዳ! "ጎበዝ ሲስተር!" መጀመሪያ የጮኸው ሆሴዕ ነው፤ ድምፁን አውቀዋለሁ። አሸንፋ የገባች አስመሰሏት። አቶ ኃይለሚካኤል አጠገቤ እጃቸው እስኪቀላ ያጨበጭባሉ። እኔም... ልካድ? ሁለቴ አጨበጨብኩ። ከዚያ እጄን ጭኔ ሥር ደበቅሁ።

ከበቡሽ ወደ ሕዝቡ አልዞረችም። ወደ ጥጉ ዞረች። ሊዲያን አየች። ጠበቀች።

ጭብጨባው ሳሳ። ሰው ወዴት እንደምታይ አየ። ዝናቡ ብቻ ቀረ።

"ልክ አይደለም" አለች ሊዲያ።

አልጮኸችም። ግን ኋላ ድረስ ተሰማ። "ከሁለተኛው ገጽ ጀምረሽ ድገሚው። አትቸኩዪ።"

ከኋላዬ አንዲት ሴት "ኧረ!" አለች። አቶ ኃይለሚካኤል የወንበሩን ክንድ ጨበጡ። ሊነሡ ነው... ክንዳቸውን ያዝኩ። በዕድሜዬ ሰው በጉልበት ስይዝ የመጀመሪያዬ ነው።

ከበቡሽ ከወንበሯ ተነሣች። ይህንን ከተማ የተቀበለችው ሴት በሃያ አምስት ዓመት ልጅ ፊት አንገቷን ዝቅ አደረገች፤ እኛ በልጅነታችን ለመምህር እንደምናደርገው።

"እሺ፣ መምህርት።"

ተቀምጣ ደገመችው።

ግራው ወረደ። ቀኙ ጠበቀው። እየተዋወቁ ሄዱ... እንዴት ብዬ እጽፈዋለሁ? ሙዚቃ ላይ ቃል የለኝም። ያቺ የምትይዛት ትንፋሽ የለችም፤ ተንፍሳለች። እስከ መጨረሻው ሄደች። የመጨረሻውን ድምፅ ያዘችው፣ ለቀቀችው፣ እጇን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች።

ማንም አላጨበጨበም። ሁሉም የሚያየው ሊዲያን ነው። መንገድ ላይ ባለጌ ያሏትን ልጅ ቃል ይጠብቃሉ።

"አሁን ልክ ነው" አለች። "አሁን ልክ ነሽ።"

ለሹማምንት ሲጨበጨብ ሰምቻለሁ፤ ለሠርግም፣ ለምርቃትም። ይህ ሌላ ነው። ቆርቆሮው ላይ ያለው ዝናብ ጠፋ። ከኋላ ወንበር አንድ አባት ልጁን ተሸክሞ ሊዲያ ጋ ሄደና "ቅዳሜ እናመጣታለን፣ መምህርት" ሲል ሰማሁ።

አቶ ኃይለሚካኤል መጨረሻ ላይ ነው የተነሡት። ወደ ጆሮዬ ተጠግተው፦

"ቲቸር፣ ቅድም ያጨበጨብኩት ውሸቴን ነበር።"

"እኔም" አልኳቸው።

ጳጉሜን 3፣ ሰኞ

ሊዲያ አሁን አሥራ ስድስት ተማሪ አላት። አምስቱ ጎልማሶች ናቸው። ሆሴዕም ተመዘገበ፤ ያቺን ቁልፍ ሳይነካ መጫወት ይፈልጋል። አንዲት ዳኛ አለች፤ እሷ ስትገባ ችሎት የሚነሣላት። "እኔንም አንቺ ካላልሽኝ አልማርም" አለች አሉ።

ቅዳሜ የሊዲያ እናት ከአንጋጫ መጡ፤ ወሬው ደርሷቸው። ቅቤ ይዘው፣ ፊታቸውን አጥቁረው። ሰዓቱን በሙሉ ጥግ ላይ ተቀምጠው ሰሙ። ሲያበቃ ለልጃቸው በከምባትኛ አንድ ነገር አሏት። ሊዲያ ሳቀች።

"'እኔን ስትጠሪኝ ብቻ እንዳትሳሳቺ' ነው የሚሉት።"

ዛሬ ሰኞ ነው፤ ትምህርት የለም። ከበቡሽ "ልምምድ 15"ን ብቻዋን ትለማመዳለች። እኔ ሶፋው ላይ እያነበብኩ። ማንም አልጠየቀኝም... ከአፌ አምልጦኝ ነው፦

"ሦስተኛው መስመር ላይ ቸኮልሽ።"

ቆመች። ዞር አለች። በሠላሳ ሦስት ዓመት እንዲህ ብያት አላውቅም፤ ምግብም ቢሆን፣ ልብስም ቢሆን፣ ሁልጊዜ ጥሩ ነው።

"የቱ ጋ?"

"ግራው... ቀኙን ቀደመው።"

"እየሰማኸኝ ነበር?"

"ከግንቦት ጀምሮ።"

ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ አጠገቧ ያለውን ወንበር በእግሯ ገፋ አደረገችልኝ።

"እንግዲያው መጽሐፉን አስቀምጥና ቁጠርልኝ።"

ተቀመጥኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት... በጣቴ ጠረጴዛውን እየመታሁ። ሦስተኛው መስመር ጋ ስንደርስ፣ ልክ ልትሆን ነው ብዬ፣ ጣቴ ፈጠነ።

"ቀስ በል" አለችኝ። "እንደገና።"